ሚዛኑ ማንን ይመዝናል?

ባለፈው ሚያዝያ፣ አሜሪካ ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ደወለልኝ። በዚያ ሰዓት የሚመጣ ስልክ መርዶ ነው ብዬ ደንግጬ ነበር ያነሳሁት። ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳይጨርስ፣ «ወንድሜ፣ አንተ ልጅ ስታስተምር የኖርክ ሰው ነህ፤ እስቲ ሐቁን ንገረኝ፤ ልጄ ተሰጥኦ የላትም ማለት ነው?» አለኝ።

ልጅቱ ሁለተኛ ክፍል ናት። በምትማርበት ወረዳ «ባለ ልዩ ተሰጥኦ» ተብለው የተለዩ ልጆች ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ ለብቻቸው በተዘጋጀ ክፍል ይማራሉ፤ ሒሳቡም ንባቡም ከዕድሜያቸው ቀደም ይላል። የጎረቤቱ፣ ያውም የሀገሩ ሰው ልጅ፣ ገባ፤ የእርሱ ልጅ ቀረች። ሁለቱ ሕጻናት አብረው ያደጉ፣ ቅዳሜና እሑድ ቁርኣን አብረው የሚቀሩ ናቸው። «ጁዝ ዐማን ከእርሱ ቀድማ ነው የጨረሰችው» ይላል አባቷ።

ነገሩን አንድ በአንድ ስጠይቀው እንዲህ ሆኖ አገኘሁት። ፈተናውን ሁሉም የሁለተኛ ክፍል ልጆች ወስደዋል። ነገር ግን በፈተናው ብቻ አያልቅም። ነጥቡ ትንሽ ዝቅ ያለበት ልጅ ወላጅ «የእኔም ልጅ ይታይልኝ» ብሎ እስከ ተወሰነ ቀን ድረስ ማመልከት፣ የልጁን የእጅ ሥራ ማያያዝ፣ ገንዘብ ከፍሎ በግል ባለሙያ እንደገና ማስፈተን፣ አልተቀበልንም ከተባለም ይግባኝ ማለት ይችላል። ጎረቤቱ ትልቋን ልጁን በዚሁ መንገድ ስላሳለፈ መንገዱን ያውቀዋል። የአጎቴ ልጅ ግን ሌሊት ታክሲ ይነዳል፤ ባለቤቱ ጎሕ ሳይቀድ ወደ ሆቴል ጽዳት ሥራዋ ትወጣለች። ማስታወቂያው በልጅቱ ቦርሳ ውስጥ ወደ ቤት መጥቷል፤ ከመብራትና ከውሃው ሒሳብ ጋር ፍሪጁ ላይ ተለጥፎ ከርሟል። ቀኑ ታኅሣሥ ውስጥ አልፏል።

እንግዲህ ይህ ሚዛን የመዘነው ማንን ነው? ልጅቱን ነው ወይስ ወረቀት አንብቦ ለመጻፍ የሚተርፍ ጊዜ ያለውንና የሌለውን አባት?

ይህን ስል የፕሮግራሙ ሐሳብ ከነጭራሹ ከንቱ ነው ለማለት አልተነሳሁም። ፈጥኖ የሚገባው ልጅ ያለ ትምህርት ሲቀመጥ የሚደርስበት ጉዳት እውነተኛ ነው። ይህንንም የማውቀው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገዛ ጥፋቴ ነው። ማስተማር በጀመርኩበት ሰሞን ሦስተኛ ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ነበረ። የሒሳቡን ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ሳልጨርስ መልሱን ይናገራል፤ የቀረውን ጊዜ አጠገቡ የተቀመጠውን ልጅ በመቆንጠጥ ያሳልፈዋል። እኔም መላ ያገኘሁ መስሎኝ ጠመኔ አምጣ፣ ውሃ ቅዳ፣ ደብተር ሰብስብ እያልኩ አላላኪ አደረግኩት። ክፍሉ ጸጥ አለ። ልጁን ግን ዓመቱን ሙሉ አንድም አዲስ ነገር አላስተማርኩትም። አራተኛ ክፍል ሲደርስ አንድ ቀን መጥቶ ሁለት ቀን ይቀር ጀመር፤ ኋላም በዚያው ጠፋ። ያጣነው በድህነት ምክንያት ነው እያልኩ ራሴን ለማጽናናት ብዙ ሞክሬአለሁ። ስለዚህ «ጎበዝ ልጅ የትም ቢቀመጥ አይጠፋም» የሚሉ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ይጠፋል።

ሆኖም ጎበዙን ለይቶ የማውጣቱ ሥራ ከመነሻው አንድ ሕመም ይዞ የተወለደ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ በ1921 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ሉዊስ ተርማን በካሊፎርኒያ ት/ቤቶች ከአንድ ሺህ አምስት መቶ የማያንሱ ከፍተኛ ችሎታ አላቸው የተባሉ ልጆችን መርጦ ዕድሜ ልካቸውን መከታተል ጀመረ። ሁሉንም ልጅ መፈተን ስለማይቻል በአብዛኛው ያደረገው መምህራኑን ከክፍላችሁ ብልሁ ማን ነው ብሎ መጠየቅ ነበር። የተመረጡት አድገው ብዙዎቹ የተማሩና የተከበሩ ሰዎች ወጣቸው። ነገር ግን በልጅነታቸው ተፈትነው መስፈርቱን ሳያሟሉ ከተመለሱት መካከል ዊልያም ሾክሌይና ሉዊስ አልቫሬዝ ነበሩባቸው። የመጀመሪያው በ1956፣ ሁለተኛው በ1968 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ። ከተመረጡት ውስጥ ይህን ሽልማት ያገኘ አንድም ሰው የለም። (ሾክሌይ በስተ እርጅናው አንዱ ዘር ከሌላው በአእምሮ ይበልጣል እያለ፣ እርሱን ራሱን የጣለውን የፈተና ዓይነት ማስረጃ አድርጎ መስበኩ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው።)

ከዚህ ይልቅ ለአጎቴ ልጅ ጥያቄ የሚቀርበው በፍሎሪዳ፣ ብሮዋርድ ካውንቲ የሆነው ነው። ብሮዋርድ ከአሜሪካ ትላልቅ የትምህርት ወረዳዎች አንዱ ነው፤ ከየአገሩ የመጣ ሕዝብ ልጆች ይማሩበታል። እ.ኤ.አ እስከ 2005 ድረስ አንድ ልጅ ለባለ ተሰጥኦዎች ክፍል የሚፈተነው መምህሩ ወይም ወላጁ ሲጠቁመው ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት ወረዳው አሠራሩን ለወጠ። ሁሉም የሁለተኛ ክፍል ተማሪ በቅርጽና በሥዕል የተዘጋጀ፣ ቋንቋ ማወቅን የማይጠይቅ አጭር ፈተና እንዲወስድ፣ በዚያ ጥሩ ያመጣውም በወረዳው ወጪ ሙሉውን የአይኪው ፈተና እንዲፈተን ተደረገ። ኋላ በ2021 በምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማት ያገኘው ዴቪድ ካርድና የሥራ ባልደረባው ላውራ ጁሊያኖ ውጤቱን አጥንተዋል። ከችግረኛ ቤት መጥተው ባለ ተሰጥኦ የተባሉት ልጆች መጠን በ180 በመቶ ጨመረ። የሂስፓኒኮቹ በ130፣ የጥቁሮቹ በ80 በመቶ ከፍ አለ።

መስፈርቱ ላልቶ ይሆን? አልላላም፤ ያው የቀድሞው ነበር። አዲስ የተገኙት ልጆችም ከድንበሩ ላይ በጭንቅ የተንጠለጠሉ አልነበሩም፤ ብዙዎቹ ከመስፈርቱ በላይ አልፈው ሄደዋል። እነዚህ ልጆች ያን ሁሉ ዓመት እዚያው ክፍል ውስጥ፣ በመምህራኑ ዓይን ሥር ተቀምጠው ነበር። የጠቆማቸው ሰው ብቻ ነው የታጣው። ቤቱ በሌላ ቋንቋ የሚያወራ፣ እናቱ ወደ ት/ቤት የማትመጣ፣ ዝምተኛ ልጅ «ጎበዝ» መስሎ አይታይም። እኔ ራሴ መምህር ነኝና ይህን የምለው በባልንጀሮቼ ላይ ጣቴን ልቀስር አይደለም፤ ዓይናችን የሚያርፈው እጁን በሚያወጣው ልጅ ላይ ነው። ይባስ ብሎ በኋላ በጀት ሲጠብ ያ አጠቃላይ ፈተና ታጠፈ፤ የድሃው ልጅ ቁጥርም ተመልሶ አሽቆለቆለ።

ከዚያው ወረዳ የተገኘ ሌላም ነገር አለ። እንዲያውም እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ይህኛው ነው። ለአራተኛና ለአምስተኛ ክፍል የሚከፈተው ልዩ ክፍል በባለ ተሰጥኦዎቹ ካልሞላ፣ የቀረው ወንበር በአይኪው ሳይሆን ባለፈው ዓመት የትምህርት ፈተና ብልጫ ላሳዩ ልጆች ይሰጥ ነበር። ተመራማሪዎቹ ማን ምን ያህል እንደ ተጠቀመ ሲለኩ፣ በአይኪው የገቡት ልጆች በፈተና ውጤታቸው ላይ የጎላ ለውጥ አላሳዩም። እመርታ ያሳዩት ቀሪውን ወንበር የሞሉት ናቸው፤ ከእነርሱም በተለይ ጥቁሮቹና ሂስፓኒኮቹ። ወደ ኋላ የቀሩት የሌሎች ክፍል ተማሪዎችም በዚህ የተነሳ ሲጎዱ አልታየም። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ከበሩ ላይ ያ ሁሉ ሚዛን፣ ያ ሁሉ ይግባኝ የቆመው ለመጀመሪያዎቹ ነበር፤ ትርፉን ይዘው የወጡት ግን ባዶ ወንበር ስለ ተገኘ ብቻ የገቡት ናቸው።

አንባቢ ሆይ! ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ ያደግኩበት ቁርኣን ቤት ነው። እዚያ አንደኛ ክፍል፣ ሁለተኛ ክፍል የሚባል ነገር አልነበረም። ሠላሳ ልጅ ብንሆን ሠላሳ ዓይነት ትምህርት ነበር። አንዱ ገና ከአሊፍና ከባ ጋር ይታገላል፤ ከጎኑ ያለው ዐማ ላይ ነው፤ ወዲያ ማዶ ያለው ሊያኸትም ተቃርቧል። ሁሉም ሉሁን ይዞ ተራው ሲደርስ ሸኹ ፊት ይቀርባል፤ ካወቀው ሉሁ ይታጠብና አዲስ ይጻፍለታል፤ ካላወቀው ነገም ያንኑ ይዞ ይመጣል። ፈጣኑን ልጅ ጠብቅ የሚለው የለም፤ ዘገምተኛውም በዓመቱ መጨረሻ ወደቅክ አይባልም። ማንም «ባለ ተሰጥኦ» የሚል ስም ተሰጥቶት ወደ ሌላ ቤት ሲወሰድ አላየሁም። ፍጥነቱ የሚታወቀው በየቀኑ፣ በሥራው ነበር።

ያ ዘመን እንከን አልነበረውም አልልም። አለንጋው ነበረ። ትርጉሙን ሳናውቅ የሸመደድነው ብዙ ነው። ደግሞም ጎበዝ የሆነው ልጅ ታናናሾቹን እንዲያስቀራ ይደረግና፣ ሸኹ በሥራ በተያዙ ቁጥር የራሱ ትምህርት ባለበት ይቆም ነበር። እኔ በጠመኔ አመላላሽነት ካጠፋሁት ጥፋት ይህ በምን ይለያል?

በዘመናዊው ት/ቤታችንም ቢሆን ነገሩ ጨርሶ አልታሰበም ማለት አይቻልም። ታላላቆቻችን «ደብል መታ» ሲሉ የሰማን ሁሉ እናስታውሳለን፤ ከክፍሉ ልቆ የተገኘ ተማሪ በአንድ ዓመት ሁለት ክፍል ያልፍ ነበር። በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም አካል ጉዳተኞችና ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው ልጆች እንደ ችሎታቸውና እንደ ፍላጎታቸው እንዲማሩ ማስቻልን ከዓላማዎቹ እንደ አንዱ ጠቅሶት ነበር። ቃሉ መልካም ነው። ስልሳና ሰባ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ አንድ መምህር እንዴት አድርጎ እንደሚፈጽመው ግን ከመምህሩ በቀር የተጨነቀበት ያለ አይመስለኝም።

አሁን አሁን በከተማው ሌላ ነገር እየመጣ ነው። የአራት ዓመት ሕጻን ለመዋዕለ ሕጻናት መግቢያ ተፈተነ ሲባል እንሰማለን። በአንድ ት/ቤት ደግሞ ከፍተኛ ውጤት ያላቸው ልጆች በአንድ ክፍል፣ ዝቅ ያሉት በሌላ ክፍል ተደልድለው፣ የፊተኛው ክፍል ልጅ በሙሉ የየአስጠኚው ልጅ ሆኖ አይቻለሁ። ሙስሊም ወላጆችም ከዚህ ነፃ አይደለንም፤ «የእኔ ልጅ እኮ ኤ ክፍል ነው» እያልን በሠርግና በለቅሶ ቤት ስንኮራ ልጁ አጠገባችን ቆሞ ይሰማል። ኤ ክፍል ያልገባው ወንድሙም ይሰማል።

የአጎቴ ልጅም ከሁሉ ይበልጥ ያንገበገበው ይኸው ነበር። ልጅቱ «እርሱ ጎበዝ ነው፤ እኔ አይደለሁም» ብላ ከጎረቤቱ ልጅ ጋር ቁርኣን አልቀራም ማለት ጀምራለች። ሰባት ዓመቷ ነው! ማንም ፊት ለፊት ሰነፍ ነሽ አላላትም። ግን «ተሰጥኦ» የሚለው ቃል ሰጪ ያለበት ቃል ነው። ለእርሱ ተሰጠው ከተባለ ለእኔ አልተሰጠኝም ብላ ለማሰብ ሕጻን መሆን በቂ ነው። «የላቀ ሒሳብ» ቢባል ሒሳብን ይመለከታል፤ ዘንድሮ ያልደረሰችበት ከርሞ ትደርስበታለች። «ባለ ተሰጥኦ» ሲባል ግን የሚመለከተው ልጁን፣ ያውም አላህ የሰጠውንና የነሳውን ነው። የዚህን ዓይነት ፍርድ በአንድ የክረምት ጠዋት፣ በአንድ ወረቀት ላይ ለመስጠት ድፍረቱን ከየት እንዳመጡት አላውቅም።

ለጥያቄው የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር። ፈተናው ያየው ልጅቱ በአንድ ቀን የሠራችውን ነው፤ ሌላውን አላየም አልኩት። ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሦስተኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍ እንዲያወጣላት፣ መምህሯንም ሄዶ «ከክፍሉ ቀድማ የምትጨርሰው በየትኛው ትምህርት ነው?» ብሎ እንዲጠይቃት ነገርኩት። በሳምንቱ እንደገና ደወለ። መምህሯ ሒሳብ ላይ ነው ብላዋለች፤ ለሚመጣው ዓመትም ማመልከት እንደሚቻል አስረድታዋለች። ወረቀቱን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። የመጨረሻውን ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሼ የትምህርት ማቀጃ ደብተሬ ሽፋን ላይ ጽፌዋለሁ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ደዋዩ እኔ ነኝ።