የአሥመራው መግለጫና «በቅርብ ጊዜ» የተባለው ቃል

የዲፕሎማሲ መግለጫ ከሥነ ጽሑፍ አይቈጠርም የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን አንዲት ቃል በመግባቷ ወይም በመቅረቷ የአገር ጉዳይ የሚለወጥ ከሆነ፣ ጽሑፍ መርማሪ እንዲህ ያለውን ወረቀት ሊንቀው አይገባም። በጥር ወር 1956 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የቻይናው ጠቅላይ ሚኒስትር ቹ ኤን ላይ በአሥመራ ተነጋግረው ያወጡት የጋራ መግለጫ ከዚህ ዓይነቱ አንዱ ነው።

ከቃሉ አስቀድሞ ቦታው ይነበባል። እንግዳው የተቀበሏቸው በመናገሻይቱ ከተማ በአዲስ አበባ አልነበረም፤ ይህም አሜሪካን ላለማስቀየም እንደ ሆነ በሰፊው ይታመናል። በአሥመራም ቢሆን የአሜሪካ ወታደራዊ መገናኛ ሠፈር ነበር፤ ስሙም ቃኘው፣ ይኸውም ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪያ ከቻይና ሠራዊት ጋር የተዋጋው የሻለቃ ጦራችን ስም ነው። ይህን አቀባበል እንደ ንቀት የሚተረጉሙ አሉ። እኔ ግን ከመግለጫው ዐረፍተ ነገሮች ሁሉ ይልቅ ግልጽ ንግግር ሆኖ አገኘዋለሁ፤ እንግዳውም ይህን ሳያውቁ የመጡ አይመስለኝም።

መግለጫው የሁለቱ አገሮች ግንኙነት በቅርብ ጊዜ መደበኛ መልክ እንዲይዝ ተስማምተናል ይላል። ግንኙነቱ የተመሠረተው ኅዳር 15 ቀን 1963 ዓ.ም. ነው። ሰባት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው! «በቅርብ ጊዜ» ማንንም አያስገድድም፤ ደጁን ገርበብ አድርጎ ይተዋል እንጂ።

ከአብዮታዊ መንግሥት ጋር የሚደራደር ሰው የሚቸገረው ባላጋራው ሁለት አንደበት ስላለው ነው፤ አንዱ የመንግሥት፣ ሌላው የንቅናቄ። ቹ ኤን ላይ ከአሥመራ ተነሥተው ሞቃዲሾ በገቡ ጊዜ፣ በመላው አፍሪካ የአብዮት ተስፋ መልካም መሆኑን ተናገሩ። ሁለቱ ንግግሮች ጐን ለጐን ካልተነበቡ አንዱም አይገባም። በ1959 ዓ.ም. ገደማም ኢሳያስ አፈወርቂ የሚገኙባቸው የኤርትራ ተዋጊዎች በቻይና ወታደራዊ ትምህርት ተቀበሉ። የንጉሠ ነገሥቱን ትዕግሥት ብቻ የሚያወድሱ ሰዎች ይህን ዋጋ አይቈጥሩም። የኢትዮጵያ ተደራዳሪዎች ብልኅነት የታየው ኋላ ነው፤ ግንኙነቱ ሲመሠረት ቻይና ለኤርትራ ታጣቂዎች ትሰጥ የነበረውን እርዳታ አቆመች።

ንጉሠ ነገሥቱ በመስከረም 1964 ዓ.ም. ፔኪንግ ሄደው ከማኦ ሴ ቱንግ ጋር ተገናኙ፤ የኢኮኖሚ ስምምነትም ተደረገ። ከአጣዬ በደሴ በኩል ወልድያ የደረሰ መንገደኛ ወደ ወረታ ሲታጠፍ የሚያገኘው ቻይናውያን የሠሩት ጐዳና የዚያ ስምምነት ፍሬ ነው። ሥራው በተፈጸመ ጊዜ ግን ስምምነቱን የተዋዋለው መንግሥት ወድቆ፣ በአዲስ አበባም ራሱን አብዮታዊ ብሎ የሚጠራ መንግሥት ተቀምጦ ነበር።