የሳንቲሟ ስም የት ላይ ይከፈላል? የፖላንድኛ ረጅም ስሞች በቀለምና በምዕላድ መካከል

ስለ ፖላንድኛ ረጅም ቃላት ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው «ኮንስታንቲኖፖሊታኝቺኮቭያኔችካ» ነው። ፍቺው የቁስጥንጥንያ ሰው ትንሽ ሴት ልጅ እንደማለት ነው፤ በላቲን ሆሄያት 32፣ በአፍ 12 ቀለም ይሆናል። ከምላስ ማፍታቻ ጨዋታ ውጭ የሚናገረው ስለሌለ ግን ምስክርነቱ ደካማ ነው። የተሻለው ምስክር ኪስ ውስጥ ይገኛል። ባለ 50 ግሮሿ ሳንቲም «ፕዬኝጄሼኝቾግሮሹፍካ» ትባላለች፦ «ፕዬኝጄሼኝቾ» ሃምሳ፣ «ግሮሽ» የገንዘቡ ስም፣ «ኡፍካ» ስም መሥራች ድኅረ ቅጥያ። ትርጉም የሚፈልግ ሰው ቃሉን ከ«ሽ» በኋላ ይቆርጠዋል። አፍ ግን «ግሮ-ሹፍ-ካ» ይላል፤ «ቤት» «ቤቶች» ሲሆን «ት» ወደ «ቶ» እንደምትገባ ሁሉ፣ የሥሩ የመጨረሻ ተናባቢ ከቅጥያው አናባቢ ጋር ይጣመራል። በፖላንድኛ የድምፅ ጫና ከመጨረሻው ቀለም በፊት ባለው ላይ ያርፋል፤ እዚህ «ሹፍ» ላይ መሆኑ ነው። ከሰባቱ ቀለማት ጎልቶ የሚሰማው፣ እንግዲህ፣ ግማሹ ከሥር ግማሹ ከቅጥያ የመጣ፣ ለብቻው ምንም ፍቺ የሌለው ቁራጭ ነው።

ከዚህ ተነስቼ የምለው፣ ቀለም በምዕላዱ ላይ ተቀርጾ የሚኖር ሳይሆን ቃሉ በተነገረ ቁጥር እንደ አዲስ የሚሰላ መሆኑን ነው። ሳንቲሞቹ አምስት ሲሆኑ የስሙ መጨረሻ «ግሮ-ሹ-ቬክ» ይሆናል፤ በ«ካ» ፊት ኢነዛሪ ሆኖ «ፍ» ይባል የነበረው ተናባቢ ወደሚቀጥለው ቀለም ተሻግሮ «ቭ» ይሆናል። «በሳንቲሞቹ» ለማለት «ግሮ-ሹፍ-ካ-ሚ» ሲባል ደግሞ ጫናው ከ«ሹፍ» ወደ «ካ» ይሸሻል። «ኡኒቬርሲቴት» ይህን ያፈርሳል የሚል ይኖራል፤ በእርግጥም ጫናው ከመጨረሻው ሦስተኛ በሆነው «ቬር» ላይ ነው። ይሁንና በአገናዛቢ «ኡኒቬርሲቴቱ» ሲባል ጫናው «ቴ» ላይ ያርፋል፤ የውሰት ቃሉ ራሱ ቅጥያ ሲያክል ለሕጉ ያድራል።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ከቅድመ ቅጥያ በኩል ይመጣል። የንዑስ አንቀጽ መጠሪያ የሆነው «ቤዞኮሊችኒክ» ሲነገር «ቤ-ዞ» ተብሎ ይከፈላል፤ የአጻጻፍ ሕጉ ግን በመስመር መጨረሻ ላይ «ቤዝ» የሚለው ቅድመ ቅጥያ ሳይሰበር እንዲቀር ይፈልጋል። ያው ሕግ «ሾስትራ» የሚለውን ቃል፣ እህት ማለት ነው፣ «ሾ-ስትራ»፣ «ሾስ-ትራ» ወይም «ሾስት-ራ» አድርጎ መቁረጥን ይፈቅዳል። ታዲያ ምዕላድ አሸነፈ ማለት ነው? አይመስለኝም። ሕጉ የተሠራው ለዓይን ነው፤ የቃሉን ቀሪ ገና ላላየ አንባቢ ቅድመ ቅጥያው መንገድ ያሳየዋል፤ ሰሚ ግን የመስመር መጨረሻ የለበትም።

ይህ ሲባል ድኅረ ቅጥያ በቀለም ተውጦ ይጠፋል ማለት አይደለም። «ስፖዌቼኝስትፎ»፣ ኅብረተሰብ ማለት ነው፣ ከመጨረሻው አናባቢ በፊት አራት ተናባቢዎችን የሚከምረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ «ስትፎ» የተባለው ቅጥያ ጥንት በአጭር አናባቢ ይጀምር ነበር። አናባቢው ከጠፋ ብዙ ምዕተ ዓመታት አልፈዋል፤ ለስላሳነቱ ግን በፊቱ ባለው ቀለም፣ «ኝ» ላይ፣ ዛሬም ይሰማል።