532 ዓመት ሲሞላ የሚመለሰው ምንድን ነው?

በፋሲካ ሰሞን ዳንግላ ቡና እየጠጣን ሳለ አንድ ተማሪ በስልክ የሚዞር ጽሑፍ አነበበልን። በባሕረ ሐሳብ ያለው 532 ምስጢራዊ ቁጥር ነው፤ በየ532 ዓመቱ ፀሐይና ጨረቃ ቅንጣት ሳያዛንፉ ቦታቸው ይመለሳሉ፤ ቁጥሩም የኛ ብቻ ነው ይላል። ሁሉም ደስ አለው። እኔን ግን ጽሑፉ ያወደሰ መስሎት ባሕረ ሐሳብን የበደለ መሰለኝ። እስቲ አብረን እናስላው።

532 የሁለት ዑደቶች ውጤት ነው። አንዱ ዓውደ አበቅቴ፣ 19 ዓመት ነው፤ በዚህ ጊዜ ጨረቃ 235 ጊዜ ያህል ትወለዳለች። ሌላው ዓውደ ፀሐይ፣ 28 ዓመት ነው። ለምን 28? አራት ዓመት 1,461 ቀን ነው፤ ለ7 ሲካፈል 5 ይተርፋል። ስለዚህ በየአራት ዓመቱ ዕለቱ በ5 ይገፋል፤ ወደ መጀመሪያው ዕለት ለመመለስ ሰባት ጊዜ መዞር አለበት።

19 እና 28 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም። 20 እና 28 ቢሆኑ ኖሮ በ140 ዓመት ይገናኙ ነበር፤ እነዚህ ግን እስከ 19 × 28 = 532 ድረስ አይገናኙም። ክፍል ውስጥ የተማራችሁት ትንሹ የጋራ ብዜት ማለት ይኸው ነው።

በቀን ሲቆጠር 194,313 ይሆናል። እንበትነው፦ 3 × 7 × 19 × 487። 7 ሳምንቱ ነው፤ 19 የጨረቃው ዑደት፤ 3 × 487 ደግሞ 1,461፣ የአራት ዓመቱ ቀን። የዘመን አቆጣጠሩ አሠራር በአካፋዮቹ ውስጥ ይነበባል። ደግሞም ይሠራል፦ የ2018 ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው፤ በዐፄ እስክንድር ዘመን በ1486ም ሚያዝያ 4 ነበር፤ በ2550ም ያው ነው።

ታዲያ የጽሑፉ ስህተት የቱ ጋ ነው? የሚመለሰው ስሌቱ ነው እንጂ ሰማዩ አይደለም። ስሌቱ ዓመትን 365.25 ቀን ያደርጋል፤ የፀሐይ ዓመት ግን 365.2422 ገደማ ነው። ልዩነቱ በ532 ዓመት ከ4 ቀን ይበልጣል። ጨረቃም 6,580 ጊዜ (235 × 28) ለመወለድ 194,311.3 ቀን ያህል ይበቃታል፤ ከስሌቱ በ1.7 ቀን ትቀድማለች።

«የኛ ብቻ» የሚለውም አያስኬድም። የባሕረ ሐሳብ ትውፊት ራሱ ስሌቱን ለእስክንድርያው ድሜጥሮስ ይሰጣል፤ በአውሮፓም ቪክቶሪየስ እ.ኤ.አ. በ457 የ532 ዓመት ሰንጠረዥ አዘጋጅቷል።

ተማሪው «እንግዲያ ውሸት ነው ማለት ነው?» አለኝ። አይደለም! አበቅቴን እይ አልኩት። በየዓመቱ 11 ይጨመራል፣ 30 ሲሞላ ይገደፋል። በ19 ዓመት 209 ይሆናል፤ ለ30 ሲካፈል 29 ይተርፋል፤ ዑደቱ በአንድ ቀን ሳይዘጋ ይቀራል። ስለዚህ በመጨረሻው ዓመት አንድ ቀን ይዘለልና ወደ አልቦ ይመለሳል። ይህን ዝላይ ያስገባ ሰው ሰማይ ለሙሉ ቁጥር እንደማይታዘዝ ገብቶት ነበር።

ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው። ያልተፈተነ ውዳሴ ያመነ ልጅ፣ አንድ ቀን ካልኩሌተር ሲያነሳ ከውዳሴው ጋር ባሕረ ሐሳብንም ይጥለዋል። «ምስጢራዊ» የተባለ ቁጥር ሲደርሳችሁ ለሌላ ከመላካችሁ በፊት በወረቀት በትኑት።