የሌለው ፋብሪካ ስንት ግብር ይከፍላል?

እስቲ አንድ ፋብሪካ ላስተዋውቃችሁ። የሸክላ አበባ መትከያ ይሠራል፤ የሠራውን ራሱ በችርቻሮ ይሸጣል። 60 ሰዎች ቀጥሯል፦ 4 ሥራ አስኪያጆች፣ 8 ረዳቶች እና 48 ሠራተኞች። ባለቤቶቹ በሙሉ የአገሬው ሰዎች ናቸው። ከውጭ አያስመጣም፣ ወደ ውጭም አይልክም። አዲስ አበባ ውስጥ አለ፤ ናይሮቢም፣ ሳንቲያጎም አለ። ባጠቃላይ በ190 አገሮች ይገኛል። ችግሩ ምን መሰላችሁ? የትም የለም።

ፋብሪካውን በወረቀት ላይ የፈጠሩት የዓለም ባንክ ባለሙያዎች ናቸው። ባንኩ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ አገሮች ለንግድ ሥራ ምን ያህል እንደሚመቹ እያወዳደረ ደረጃ የሚሰጥ «ዱዊንግ ቢዝነስ» የተባለ ሪፖርት ያወጣ ነበር። ከክፍሎቹ አንዱ ስለ ግብር ነው። በየአገሩ ያሉ የሂሳብና የግብር ሕግ ባለሙያዎች እንዲህ ተብለው ይጠየቃሉ፦ ይህ ፋብሪካ እናንተ አገር ቢኖር በዓመት ስንት ጊዜ ይከፍላል? ስንት ሰዓት ያጠፋል? ከትርፉ ስንት በመቶው ይሄዳል? የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመላሽ ለማግኘትስ ምን ያህል ይጠብቃል? መልሱ ነጥብ ይሆናል፤ ነጥቡም የአገር ደረጃ።

መለኪያውን ከመተቸቴ በፊት የሚገባውን ልስጠው። ስለ ግብር ሲወራ ሁሉም የሚያየው መቶኛውን ነው። ቅጽ በመሙላትና ወረፋ በመጠበቅ የሚባክነው ሰዓት ግን ማንም ሳያገኘው የሚጠፋ ሀብት ነው፤ መንግሥትም አይሰበስበውም፣ ነጋዴውም አይጠቀምበትም። ይህን ሰዓት ቆጥሮ ማሳየት ትልቅ ሥራ ነበር። ደግሞም መለኪያው «ግብር ዜሮ ይሁን» አይልም። ከትርፍ 26.1 በመቶ በታች ላወረደ አገር ተጨማሪ ነጥብ አይሰጥም።

ታዲያ ችግሩ የት ነው? እኔ የተማርኩት ምህንድስና ስለሆነ በኮንክሪት ላስረዳችሁ። ሕንፃ ሲሠራ ከሚሞላው ኮንክሪት ላይ ናሙና ተወስዶ በኪዩብ ቅርጽ ይሞላል፤ በ28ኛው ቀን በማሽን ተጨፍልቆ ጥንካሬው ይለካል። ሁሉም ኪዩብ አንድ ዓይነት ስለሆነ ማወዳደር ይቻላል። ግን ኪዩቡ ፈተናውን አለፈ ማለት ሕንፃው አይወድቅም ማለት አይደለም። መሠረቱን አላየም፣ ብረቱንም አልቆጠረም። የአበባ መትከያው ፋብሪካም ኪዩብ ነው። ስህተቱ የመጣው ኪዩቡን እንደ ሕንፃ ስናየው ነው።

መጀመሪያ ቆጠራውን እንይ። በደንቡ መሠረት፣ አብዛኞቹ መካከለኛ ድርጅቶች አንድን ግብር በኦንላይን አሳውቀው የሚከፍሉ ከሆነ፣ በዓመት 12 ጊዜ ቢከፈልም እንደ 1 ክፍያ ይቆጠራል። ኦንላይን መሆኑ ወረፋ እንደሚቀንስ አልክድም። ግን ያ ጥቅም በሰዓቱ ቆጠራ ውስጥ ገብቷል። እዚህ ላይ 12 የነበረው 1 ሲሆን፣ የሂሳብ ሠራተኛዋ ግን አሁንም በየወሩ ታሳውቃለች።

ሁለተኛው ከባድ ነው፦ ፋብሪካው ማንን ይወክላል? የዓመት ሽያጩ የአገሩን የነፍስ ወከፍ ገቢ 1,050 ጊዜ ያህላል ተብሎ ተቀምጧል። በ2018 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ የነፍስ ወከፍ ገቢ 800 ዶላር ገደማ ነበር። አባዙት፤ ከ800 ሺህ ዶላር በላይ ይመጣል። በዚያው ጊዜ በእኛ ሕግ የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋይ የሚባለው የዓመት ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የሆነ ነጋዴ ነው። በወቅቱ ምንዛሪ ስታሰሉት ፋብሪካው ከዚህ ነጋዴ ጣሪያ ከ40 እጥፍ በላይ ይሸጣል።

ሐምሌ 2009 ዓ.ም. አስታውሱ። የደረጃ «ሐ» ነጋዴዎች «የቀን ገቢ ግምቱ በዝቶብናል» ብለው በተለያዩ ከተሞች ሱቃቸውን ዘጉ። መዝገብ የማይዝ ነጋዴ ግብሩ የሚሰላው በግምት ነበርና ክርክሩ ስለ መቶኛው ሳይሆን ስለ ገማቹ ዓይን ነበር። የሌለው ፋብሪካ ግን ገማች መጥቶበት አያውቅም። ሂሳቡ የተሟላ ነው፤ ሕጉ ያዘዘውን ሁሉ ይከፍላል። ስለዚህ ያ ሁሉ ግርግር በመለኪያው ላይ ቦታ የለውም።

ሦስተኛ፣ መለኪያው ግብሩ የሚያስወጣውን እንጂ የሚገዛውን አያይም። ሸክላ በምድጃ ይተኮሳል። መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ ያ ዙር ሊበላሽ ይችላል። ሪፖርቱ ኤሌክትሪክ ስለማግኘት ሌላ ክፍል ነበረው፤ ሁለቱን የሚያገናኝ መስመር ግን አልነበረውም። ግብር ዝቅ አድርጎ ማከፋፈያ ጣቢያ መሥራት ያቃተው መንግሥት በአንደኛው ክፍል ይሸለማል። ተወዳዳሪነት ግን የሁለቱ ድምር ነው፤ ዕድገትም እንዲሁ።

እነዚህ ጉድለቶች ደረጃው መረጃ ብቻ ሆኖ ቢቀር ባልጎዱ ነበር። ነገር ግን መንግሥታት «ዘንድሮ ስንት ደረጃ እናሻሽል?» ማለት ጀመሩ። መለኪያ ራሱ ግብ ሲሆን ጥሩ መለኪያ መሆኑ ያከትማል፤ ይህ ሐሳብ የጉድሃርት ሕግ ይባላል። ሙቀት መለኪያውን በረዶ ውስጥ ብትከቱት ቁጥሩ ይወርዳል፤ ሕመምተኛው ግን አይድንም። በኋላ በተደረገው ምርመራ የቻይና፣ የሳዑዲ ዓረቢያ፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ እና የአዘርባጃን መረጃ ያላግባብ መነካካቱ ታወቀ። በ2018ቱ ሪፖርት 78ኛ የተባለችው ቻይና በትክክለኛው ስሌት 85ኛ ነበረች። በመስከረም 2021 እ.ኤ.አ. ባንኩ ሪፖርቱን ጨርሶ አቆመው። በመጨረሻው እትም ኢትዮጵያ ከ190 አገሮች 159ኛ ነበረች።

በ2024 እ.ኤ.አ. «ቢ-ሬዲ» የተባለ ምትክ መጥቷል። የባለሙያዎችን መልስ ከእውነተኛ ድርጅቶች ጥናት ጋር ያጣምራል። ይህ ወደ ሕንፃው አንድ እርምጃ መቅረብ ነው።

እናንተም ነገ ሱቅ ወይም ስታርትአፕ ትከፍቱ ይሆናል። «የግብር ማሻሻያው ተወዳዳሪነታችንን ጨመረ» የሚል ዜና ስትሰሙ ቁጥሩን አትናቁ፤ ግን የማን ድርጅት ተለክቶ እንደመጣ ጠይቁ። የሰፈራችሁ ባለሱቅ በዚያ ቁጥር ውስጥ ከሌለች፣ ማሻሻያው ለእሷ ምን እንዳደረገ ገና ማንም አልለካም ማለት ነው።