የመታሰቢያ ሳንቲሞቻችን ማንን ያስታውሳሉ? ማንንስ ይረሳሉ?

እዚህ ጄኔቫ ተቀምጬ የኢትዮጵያን ብርቅዬ የመታሰቢያ ሳንቲሞች ስለቅም ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ወዳጆቼ ይህን ሲሰሙ የወርቅ ክምር ላይ የተኛሁ ይመስላቸዋል። እውነቱን ለመናገር ሥራውን የጀመርኩት በኪሳራ ነው። ከፕላንፓሌ የቅዳሜ ገበያ አንድ የምኒልክ ብር ገዛሁና፣ እናቴ ዕቃ በአመድ እንደምትፈትገው ፈትጌ አብለጨለጭኩት። ዙሪክ ላለ አንድ የሳንቲም ነጋዴ ባሳየው፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ መለሰልኝ። ለካ ዋጋው ዕድሜ ያለበሰው ጥቁረት ላይ ኖሯል! ከዚያ ወዲህ ሳንቲም መፈተጉን ትቼ ማንበቡን ያዝኩ። ዛሬ የማካፍላችሁም ይህንኑ ንባቤን ነው።

በ1958 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1966) የወጡትን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የወርቅ ሳንቲሞች እንመልከት። ከ10 እስከ 200 ብር ድረስ አምስት ናቸው (ፈረንጅኛው ዶላር ይለዋል፤ እኛ ግን ያኔም ብር ነበር የምንለው)። ትልቁ 80 ግራም ይመዝናል። የወጡት የንጉሠ ነገሥቱን 75ኛ የልደት በዓልና የንግሥናቸውን 50ኛ ዓመት ለማክበር ነው። የምን ኀምሳ ዓመት? ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. አልነበረምን? ኀምሳው ሊሞላ የሚችለው ከ1909 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ጀምሮ ከተቆጠረ ብቻ ነው። ያኔ ደግሞ የነገሡት ዘውዲቱ ናቸው፤ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ነበሩ። እንግዲህ አሥራ ሦስቱ የዘውዲቱ ዓመታት በወርቅ ተለብጠው ለሌላ ሰው ተሰጡ ማለት ነው።

በ1964 ዓ.ም. ደግሞ የነገሥታቱ ተከታታይ በብርና በወርቅ ወጣ፤ ቴዎድሮስ፣ ዮሐንስ፣ ምኒልክ፣ ዘውዲቱ፣ ኃይለ ሥላሴ። ቅርጹ ያማረ ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. የነገሡት ዳግማዊ ተክለ ጊዮርጊስ የት ገቡ? ልጅ ኢያሱስ? አንድ የማከብራቸው አዛውንት «ኢያሱ እኮ ዘውድ አልጫነም» አሉኝ። ይሁን። ተክለ ጊዮርጊስ ግን ዘውድ ጭነዋል። ዘውድ ያልጫነ የማይቆጠር ከሆነ ደግሞ ያ ኀምሳ ዓመት ከየት መጣ? መለኪያው አንድ ቢሆን ኖሮ፣ ከሁለቱ አንዱ በዓል መቅረት ነበረበት።

«ቤተ መንግሥት መቼም እንደዚያው ነው» የምትሉ ካላችሁ ወደ ደርግ እንሻገር። ከጄኔቫ ወደ ዙሪክ በባቡር የሄደ ሰው ግላንንና ሞርዥን ያልፋል። የዓለም የዱር አራዊት ፈንድ፣ ደብልዩ ደብልዩ ኤፍ የሚባለው፣ እስከ እ.ኤ.አ. 1979 ሞርዥ ነበር፤ ከዚያ ግላን ገባ። ይህ ድርጅት በየአገሩ ስም ባስወጣው የአራዊት ሳንቲም ውስጥ የኛም አለበት፤ ባለ 600 ብሩ ወርቅ ዋልያን ይዟል። ዓመቱ ስንት ይላል? 1970። ቀይ ሽብር! የአዲስ አበባ እናት የልጇን ሬሳ በየመንገዱ ስትፈልግ፣ በአገሯ ስም የተቀረጸ የወርቅ ዋልያ ለፈረንጅ ሰብሳቢ ይሸጥ ነበር። ዋልያው መጠበቁን አልቃወምም፤ ከስሜን ተራራ በቀር የትም የለውምና። እኔም ባቡሩ በዚያ ባለፈ ቁጥር በመስኮት ማየቴ አልቀረም። ሳንቲሙን ገዝቼዋለሁ፤ እወደዋለሁም። ያችን ዓመት ሳላነብ ግን አይቼው አላውቅም።

ዙሪክ ስደርስ ዘወትር ትዝ የሚለኝ አልፍሬድ ኢልግ ነው። የምኒልክ አማካሪ የነበረው ይህ የስዊስ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1916 እዚያው ዙሪክ ሞተ፤ ከኢትዮጵያ ያመጣቸው ዕቃዎችም በዩኒቨርሲቲው ሙዚየም ይገኛሉ። በ1887 ዓ.ም. የምኒልክ ብር ፓሪስ ተመትቶ ሲመጣ፣ ገበሬው ክብደቱ ያው መሆኑ እየታወቀ እንኳ የማሪያ ቴሬዛን ብር አልለቅም አለ። 1780 የሚል ዓመት የተጻፈባትን፣ የሞተች የባዕድ ንግሥት ብር! የንጉሡ ትእዛዝ ገበያ ላይ ተፈተነና ተቸገረ። የመታሰቢያ ሳንቲም ግን እንዲህ ያለ ፈተና ደርሶበት አያውቅም። መርካቶ አልወረደም፤ ነጋዴ በጥርሱ አልነከሰውም፤ «ይህን አልቀበልም» ያለው ሰው የለም። ከሣጥን ወደ ሣጥን ተሸጋገረ እንጂ። የጨረታ መዝገብ አዘጋጆችም ሳንቲሙ ያለውን እንዳለ ይገለብጣሉ። የኢያሱ ጉዳይ የዙሪክ ነጋዴን ምን አግብቶት! ታዲያ ሳንቲሙን ገዝተን፣ ሳሎናችን ሰቅለን፣ ለልጆቻችን «ታሪካችሁ ይኸውላችሁ» የምንል እኛ ካልጠየቅነው ማን ይጠይቀው?

እኔ በበኩሌ የ1964ቱን ተከታታይ የያዘውን መዝገቤን እንደገና አሰናድቻለሁ። ከቴዎድሮስና ከዮሐንስ መካከል አንድ፣ ከምኒልክና ከዘውዲቱ መካከል አንድ ባዶ ቦታ ትቼአለሁ። እንግዶቼ እያዩ «እነዚህን ሁለቱን ገና አላገኘሃቸውም?» ይሉኛል። አልተሠሩም እላቸዋለሁ።