ማን ፈታ? ማን አስፈታ? የኦምዱርማን ፍቺና የአንድ ድምር ችግር

ፍቺ በረከተ ሲባል ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በተማሩ ሴቶች ላይ ነው። በሱዳኗ ከተማ በኦምዱርማንም በአዲስ አበባም የሚሰማው ወቀሳ ይኸው ነው፤ መነሻውም ድሮ ትዳር ይጸና ነበር የሚለው ግምት ነው። ታሪኩ ግን ይህን አይደግፍም።

ከራሳችን እንጀምር። ተመራማሪዎቹ ቲልሰንና ላርሰን በ1990 (ዘመናቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በኢትዮጵያ የተሰበሰበ መረጃ መርምረው በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ ከመጀመሪያ ጋብቻዎች 45 በመቶው በ30 ዓመት ውስጥ በፍቺ እንደሚያከትም፣ ከሚፈቱት ሴቶችም ሁለት ሦስተኛው ገና በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት እንደሚለያዩ አሳይተዋል። ፍቺን ካባባሱት መካከልም ያለዕድሜ መዳርና ልጅ ማጣት ይገኙበታል። የሥነ ሕዝብ ተመራማሪው ጋቪን ጆንስም በጃቫና በማላይ ሙስሊሞች ዘንድ እጅግ ከፍ ብሎ የነበረው ፍቺ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ ማሽቆልቆሉን ከልጃገረዶች መማር፣ ዘግይቶና መርጦ ከማግባት ጋር አያይዞታል። ስለዚህ ትምህርት ጋብቻን በማዘግየት ፍቺን ይቀንሳል፤ የፍርድ ቤትን ደጃፍ በማሳወቅ ደግሞ ሊጨምረው ይችላል። ሶሲዮሎጂስቱ ዊልያም ጉድ የዓለምን የፍቺ ለውጥ ሲያነጻጽር በየአገሩ የፍቺ መጠን ላይ ማተኮሩ ተገቢ ነበር፤ መጠኑ ብቻውን ግን እነዚህን ሁለት ተጻራሪ ኃይሎች አጣፍቶ ያቀርባል።

ኦምዱርማን ላይ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። በሸሪዓው ባል በቃሉ ብቻ መፍታት ይችላል፤ ሚስት ግን ቃዲ (የሸሪዓ ዳኛ) ፊት መቅረብ አለባት። የሱዳን የሸሪዓ ፍርድ ቤት ከቱርክ ዘመን የወረሰው የሐነፊ መዝሀብ (የሸሪዓ ሕግ ትምህርት) ለሚስት መውጫው ጠባብ ነበር፤ ሕዝቡ ግን የማሊኪ መዝሀብ ተከታይ ነው። ግብፃዊው ሙስጠፋ አል-መራጊ፣ በኋላ የአል-አዝሃር ሼክ የሆኑት፣ የሱዳን ዋና ቃዲ ሳሉ በ1915 የወጣው የዳኝነት መመሪያ ቁጥር 17 ሚስት ቀለብ በመከልከል፣ በጉዳትና በባል መራቅ ምክንያት እንድትፈታ የማሊኪን መንገድ ከፈተ። ግብፅ ራሷ ተመሳሳይ ሕግ ያወጣችው ከዚያ በኋላ፣ በ1920 ነው። በ1935 በአንድ ጊዜ የተነገረ የሦስት ፍቺ ቃል እንደ አንድ እንዲቆጠር ተደረገ። ሸሽታ የሄደችን ሚስት በፖሊስ ወደ ባሏ ቤት የመመለሱ አሠራርም በ1970 ገደማ ቀረ። አሁን የሚሠራው የ1991 የሙስሊሞች የግል ሕግ የመራቅን ምክንያት እንደያዘ ቢሆንም፣ በዳኛ ፈቃድ የ10 ዓመት ልጅ እንድትዳር ይፈቅዳል። ይኸው ሕግ በአንድ አንቀጽ የፍቺን ዘር ይዘራል፣ በሌላው መውጫውን ያበጃል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1966 በኦምዱርማን የአሕፋድ የሴቶች ኮሌጅ በ23 ሴት ተማሪዎች ትምህርት ሲጀምር ከተማዋ ደመወዝተኛ ሚስቶችን ማፍራት ጀመረች። ከ1970ዎቹ ወዲህ ደግሞ ብዙ ባሎች ለሥራ ወደ ሳዑዲና ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ሄዱ። በባሕር ማዶ የሚኖር ባል ቀለብ ቢያቋርጥ ሚስቱ የምትከሰው በዚያው በ1915 በተከፈተው መንገድ ነው። እንግዲህ በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ የሚታይ የፍቺ ጭማሪ በከፊል አዲስ የፈረሰ ትዳር አይደለም፤ ቀድሞ በቤት ውስጥ ተትቶ የኖረ፣ ባሉ ያልፈታው ሚስትም ያላስፈታችው ትዳር ነው።

በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ሲቀሰቀስ የዋና ከተማዋ ፍርድ ቤቶች ተዘጉ፣ ባሎች ጠፉ፣ ቤተሰቦች ወደ ግብፅ፣ ወደ ቻድና ወደ ኢትዮጵያ ተበተኑ። የእነዚያ ወራት መዝገብ ፍቺ ቀነሰ ቢል ስለ ትዳር ጽናት የሚነግረን የለም። የከሳሹን ጾታ፣ የክሱን ምክንያትና የጋብቻውን ዕድሜ ሳይለይ ድምር ብቻ ይዞ የሚቀርብ ጥናት፣ የኦምዱርማንም ይሁን የባሕር ዳር፣ ተቀባይነት ሊኖረው አይገባም።