ስለ ፓርቲዎቻችን ስምና ግብር

ፓርቲ የምንለው ቃል ከሩቅ አገር የመጣ ነው፤ ሥሩ ላቲን ሲሆን ትርጓሜውም ክፍል፥ ወይም ከአንድ ነገር የተከፈለ ወገን ማለት ነው። እንግዲህ አንድ ማኅበር ራሱን ፓርቲ ብሎ ሲጠራ «እኔ ከሕዝቡ አንዱ ወገን ነኝ፤ ከእኔም በቀር ሌላ ወገን አለ» ብሎ መመስከሩ ነው። ቃሉን ከተቀበልን ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። ትርጓሜውን ግን አብረን የተቀበልን አይመስለኝም። የፓርቲዎቻችን ታሪክ፥ ክፍል መባልን የጠሉ ክፍሎች ታሪክ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ፥ ወጣቱ አንባቢ ፓርቲ የሌለበት ምርጫ እንደ ነበረን ይወቅ። በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ምክር ቤት ቢያቆምም እንደራሴዎቹን የመረጠው ሕዝቡ አልነበረም። በ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ከተሻሻለ በኋላ፥ ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎችን ለመጀመሪያ ጊዜ በድምፁ መረጠ። ተወዳዳሪው ግን የሚቀርበው በስሙና በርስቱ ነበር እንጂ ከሌሎች ጋር በጋራ በያዘው ዓላማ አልነበረም፤ ንብረት የሌለውም ሰው ለመመረጥ አይችልም ነበር። ስለዚህ መራጩ «የማን ልጅ ነው?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ «ምን ሊሠራ አስቧል?» ብሎ አይጠይቅም። ይህ ጠባይ ዛሬም ጨርሶ አለቀቀንም።

በአገር ውስጥ በግልጽ መደራጀት ስለ ተከለከለ ፓርቲዎቹ የተወለዱት በባዕድ አገር ነው። መኢሶን በ1960 ዓ.ም. በሐምቡርግ፥ ኋላ ኢሕአፓ የተባለው ድርጅት ደግሞ በ1964 ዓ.ም. በበርሊን ተመሠረቱ። ሁለቱም ጀርመን አገር፥ ሁለቱም በተማሪዎች እጅ፥ ሁለቱም የማርክስንና የሌኒንን መጻሕፍት በያዙ ሰዎች። በምስጢር መወለዳቸውን አልነቅፍባቸውም፤ ሌላ በር አልተከፈተላቸውም ነበርና። ዳሩ ግን በምስጢር የሚያድግ ማኅበር አንድ ክፉ ልማድ ያወርሳል፤ ይኸውም የሚጠራጠረውን አባል እንደ ከሐዲ መቁጠር ነው።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሲወርዱ ሁለቱም ወደ አደባባይ ቀረቡ። ኢሕአፓ «ዴሞክራሲያ»ን፥ መኢሶን «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ»ን ያሠራጩ ነበር። አንባቢ ሆይ፥ ልዩነታቸው ምን ያህል እንደ ነበረ መርምር። ሁለቱም ሶሻሊዝምን ይፈልጋሉ፤ ሁለቱም መሬት ላራሹ ይላሉ። አንደኛው ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ ይቋቋም አለ፤ ሁለተኛው ለደርግ ሒሳዊ ድጋፍ እየሰጠን ሕዝቡን እናደራጅ አለ። ጥያቄው ትልቅ ነው፤ ለክርክር ግን የሚመች ጥያቄ ነበር። በ1968 ዓ.ም. በአዲስ ዘመን ጋዜጣ «አብዮታዊ መድረክ» በሚባለው ዓምድ ደጋፊዎቻቸው ተከራክረውበታልም። ወዲያው ግን ክርክሩ ቀረና ስም መስጠት መጣ። እነዚያን «ባንዳ»፥ እነዚህን «አናርኪስት» አሉ። ባንዳ ከተባለ ሰው ጋር ማን ይከራከራል? ይገደላል እንጂ። በ1969 ዓ.ም. በከተማው ውስጥ የሆነው ይኸው ነው፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር ኮሎኔል መንግሥቱ በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች ሲሰብሩ ነገሩ ከፓርቲዎቹ እጅ ወጥቶ ነበር።

እኔ በተማርኩበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የክርክር ማኅበር ነበረን። ሕጉም እንዲህ ነበር፤ ዛሬ አንድን ሐሳብ የደገፈ ተማሪ በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ሐሳብ እንዲቃወም ይታዘዛል። እኛ እንደ ቀልድ እናየው ነበር። ከዚያ ማኅበር ሁለት ጐበዝ ተናጋሪዎች፥ አንዱ በኢሕአፓነት፥ ሁለተኛው በመኢሶንነት፥ በአንድ ዓመት ውስጥ ሞቱ። እንዳልኩት፥ የሁለቱም መጻሕፍት አንድ ዓይነት ነበሩ።

ከዚህ በኋላ ያለው አጭር ነው። መኢሶን፥ ወዝ ሊግ፥ ማሌሪድ፥ ኢጭአትና የወታደሮቹ ሰደድ በ1969 ዓ.ም. ኢማሌዲኅ በሚባል ኅብረት ተሰብስበው ነበር፤ አምስት ገብተው ሰደድ ብቻ ቀረ። በ1972 ዓ.ም. ኢሠፓአኮ፥ በአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ሰሞንም ኢሠፓ ተቋቋመ። በሥልጣን ላይ ያለው መንግሥት ራሱ ፓርቲውን ወለደው፤ ልጁ አባቱን እንዲመራም በ1979 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት ታወጀ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ ፓርቲው አንድ ሳምንት እንኳ ብቻውን ቆሞ አልታየም።

ስለ ስም ትንሽ ልናገር። የድርጅቶቻችንን ስሞች ቢዘረዝሩ ግንባር፥ ንቅናቄ፥ ነጻ አውጪ፥ ትግል የሚሉ ቃላት ይበዛሉ። ሁሉም የጦር ሜዳ ቃላት ናቸው። በግንባር የሚቆም ሰው ፊት ለፊቱ ያለው ጠላት ነው እንጂ ተከራካሪ አይደለም። ደግሞም ስም መለወጥ ቀላል ነው። ከኢሕአፓ በተለዩ ሰዎች በ1973 ዓ.ም. የተመሠረተው ኢሕዴን በ1986 ዓ.ም. ብአዴን፥ በ2011 ዓ.ም. መስከረም አዴፓ ሆነ፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ብልጽግና ገባ። መጀመሪያ የመላ ኢትዮጵያ፥ ቀጥሎ የአማራ፥ እንደ ገና የመላ ኢትዮጵያ መሆኑ ነው። ሐሳብን ማሻሻል ነውር የለበትም፤ ነገር ግን በአራቱ ስሞች መካከል አባሎቹ ተሰብስበው «ትናንት የያዝነው በዚህ በዚህ ምክንያት ስሕተት ነበር» ብለው ለመራጩ በዝርዝር ሲያስረዱ አልሰማሁም። እኔ በምኖርበት በመገናኛ ወያሎቹ «ኮተቤ! ሲኤምሲ! ቦሌ!» እያሉ ይጣራሉ፤ የኮተቤው ወያላ ወደ ቦሌ የሚሳፈረውን ሰው ከሐዲ ብሎ አይሰድበውም፤ ቦሌ ብሎ ጭኖም ኮተቤ አያወርድም፤ ቢያደርገው ተሳፋሪው ዝም አይለውም።

በ1997 ዓ.ም. ግን ሌላ ነገር ለማየት ታደልን። ሚያዝያ 29 ቀን ኢሕአዴግ፥ በማግሥቱ 30 ቀን ቅንጅት በመስቀል አደባባይ ሕዝብ ሰበሰቡ፤ ከመገናኛ በሃያ ሁለትና በዑራኤል አድርጎ የሚወርደው ሕዝብ በሁለቱም ቀን በሰላም ሄዶ በሰላም ተመለሰ። የዚያን ጊዜ ፓርቲ የሚለው ቃል ትክክለኛ ትርጓሜውን ለሁለት ቀን ያህል አገኘ። ግንቦት 7 ቀን ቅንጅት በአዲስ አበባ የነበሩትን 23 የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች በሙሉ አሸነፈ። በዚያው ምሽት መንግሥት ሰላማዊ ሰልፍን ለአንድ ወር ከለከለ። የስንብት ጊዜው የደረሰው ምክር ቤትም አጀንዳ ለማስያዝ የሚያስፈልገውን ድጋፍ ከ20 አባሎች ወደ 51 በመቶ ከፍ አደረገው፤ ይህ ማለት ተቃዋሚው ይግባ፥ ነገር ግን አንድ ጥያቄ እንኳ አያንሣ ማለት ነው። በሰኔና በጥቅምት በተነሣው ሁከት 193 ሰላማዊ ሰዎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን አጣሪ ኮሚሽን ገለጸ። የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ።

ጥፋቱ የገዢው ብቻ ነበር የሚል ሰው ግን ታሪኩን በግማሹ ያነብባል። ቅንጅት አራት ፓርቲዎች የተቀናጁበት ነበር፤ መሪዎቹ በ1999 ዓ.ም. በይቅርታ ከወጡ በኋላ ከጥቂት ወራት በቀር አብረው አልቆዩም። በስሙ ላይ ተጣሉ፤ ስሙንም ምርጫ ቦርድ ለአንደኛው ወገን ሰጠው። በእኔ ፍርድ፥ በአዲስ አበባ ምክር ቤት ገብተው ስለ ውኃና ስለ ቤት ኪራይ አምስት ዓመት ቢሠሩ ኖሮ፥ ሕዝቡ ፓርቲ ምን እንደሚጠቅም በዓይኑ ባየ ነበር።

መሸነፍን የሚያውቅ አገር በአፍሪቃ የለም አይባል። በጋና እ.ኤ.አ. በ2008 በተደረገው ምርጫ ናና አኩፎ አዶ 40 ሺሕ በሚያህል ድምፅ ተሸነፉ፤ ወደ ቤታቸውም ሄዱ። በ2012 እንደ ገና ተሸነፉ፤ ወደ ፍርድ ቤት ሄደው ሲረቱም ፍርዱን ተቀበሉ። በ2016 አሸንፈው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ስምንት ዓመት የጠበቀ ፓርቲያቸው ስሙን አልለወጠም፥ ጫካም አልገባም።

በእኛ አገር ከ1997 ዓ.ም. በኋላ ገዢው ወገን በ2002 ዓ.ም. ከአጋሮቹ ጋር ከ547 ወንበሮች 545ቱን፥ በ2007 ዓ.ም. ሁሉንም ያዘ። ክፍል የተባለው ምሉዕ ሆነ፤ በዓመቱም አገሪቱ በተቃውሞ ተናወጠች። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ምርጫ ውጤታቸው ከተገለጸው 436 ወንበሮች ብልጽግና 410ሩን ሲወስድ፥ ለአብን 5፥ ለኢዜማ 4 ደረሳቸው። በ2014 ዓ.ም. መስከረም መንግሥት ሲመሠረት ከተቃዋሚዎች መካከል ሰዎች ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ፤ ከነዚህም አንዱ በ1997 ዓ.ም. ለአዲስ አበባ ከንቲባነት ታጭተው የታሰሩት፥ ኋላም በሌሉበት ሞት የተፈረደባቸው ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ናቸው። ከ1969 ዓ.ም. ጋር ሳስተያየው ይህን እንደ ትንሽ ነገር አላየውም። ይሁን እንጂ ለመቃወም የተመረጠው ወገን መሪ በካቢኔ ሲቀመጥ፥ ከጥቂቶቹ ወንበሮች ተነሥቶ ሚኒስትሩን ስለ ገንዘቡ የሚጠይቀው ማን እንደ ሆነ፥ ወጣቱ አንባቢ በሰኔ ወር የበጀት ክርክር በሚተላለፍበት ቀን ቁጭ ብሎ ይቁጠር።